አልወልቅ ያለው ጭምብል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1995 ዓርብ ምሽት፣ በአሜሪካ በብዙ ቤቶች ውስጥ ከቴሌቪዥን መስኮት ፊት የተቀመጡ ሕፃናት አንዲት የእድሜ እኩያቸውን በመስታወት ፊት ቆማ አዩ። ልጅቱ አስቀያሚ አረንጓዴ ጭምብል አጥልቃለች። ጨዋታው አብቅቶ ጭምብሉን ልታወልቅ አንገቷን ትዳብሳለች፤ ጣቶቿ የጭምብሉን ጠርዝ ይፈልጋሉ። ጠርዝ ግን የለም። ጭምብሉ የሚያበቃበት፣ የገዛ ቆዳዋም የሚጀምርበት ወሰን ጠፍቷል።

ያ ምሽት «ጉዝበምፕስ» የተባለው የሕፃናት አስፈሪ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ምሽት ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ፣ ሰው ሲፈራ ወይም ብርድ ሲሰማው ገላው ውርር ብሎ ፀጉሩ ሲቆም የሚታየውን ነገር ይገልጻል። ድራማው ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ኖቬምበር 1998 ድረስ በአራት ተከታታይ ወቅቶች 74 ክፍሎች ቀርበውበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ስምንትና አሥር ዓመት የነበራቸው ተመልካቾች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል፤ ብዙዎቹም ያን ጭምብል አልረሱትም። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ የጎማ ጭራቆቹ ስፌት የሚታይ አንድ የልጆች ድራማ ይህን ያህል ዘመን በሰው ልቡና ውስጥ እንዴት ሊኖር ቻለ? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

የመጻሕፍቱ ደራሲ አር. ኤል. ስታይን በ1943 በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ፈሪ እንደነበረ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በቤታቸው ከነበረው ሬዲዮ የሚተላለፈውን አስፈሪ ድራማ ለመስማት ይጓጓል፤ ይሁንና ገና የአቅራቢውን ድምፅ ሲሰማ ፍርሃት ይይዘውና ሬዲዮውን ይዘጋል። በዘጠኝ ዓመቱ ጣሪያ ሥር ካለው የቤታቸው ዕቃ ማስቀመጫ አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና አገኘ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም መጻፍ አልተወም። በዚሁ የልጅነት ዘመኑ ልቡን የማረኩት ሌሎች ነገሮች ደግሞ በሥዕል የሚተረኩት የአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶች ነበሩ። እናቱ እነዚህን መጽሔቶች ወደ ቤት እንዲያስገባ ስለማትፈቅድለት ፀጉሩን ሊቆረጥ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት በሄደ ቁጥር ከዚያ ያነባቸው ነበር።

የእናቲቱ ሥጋት የእርሷ ብቻ አልነበረም። በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም እነዚህ መጽሔቶች ወጣቱን ወደ ወንጀል ይመራሉ ሲል አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በይፋ መረመረ። ምርመራውን ተከትሎ አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳያስገድዳቸው በፊት ራሳቸውን የሚገዙበት ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት «አስፈሪ» እና «ሽብር» የሚሉት ቃላት ከመጽሔቶቹ ርእስ ተሰረዙ፤ ሙታን የሚነሡባቸው፣ ተኩላ ሰዎች የሚታዩባቸው ታሪኮች ታገዱ። ስታይን ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የልጅነት ንባቡ በዐዋቂዎች ጉባኤ የተወገዘበት አንድ ልጅ አድጎ በተራው የሌሎች ልጆች አስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ ሆነ። ከዐርባ ዓመት በኋላም የእርሱ መጻሕፍት በተመሳሳይ ጉባኤ ፊት መቅረባቸው አልቀረም።

ይሁን እንጂ ሰውየው ወደ አስፈሪ ታሪክ የገባው በቀጥታ አይደለም፤ መንገዱ በቀልድ በኩል ነበር። በ1965 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ስኮላስቲክ በተባለው አሳታሚ ድርጅት ተቀጠረ፤ በዚያም «ባናናስ» የተሰኘ የወጣቶች የቀልድ መጽሔት አዘጋጅ ሆኖ ሠራ። ለልጆች የቀልድ መጻሕፍትም ይጽፍ ነበር። በ1986 የመጀመሪያውን አስፈሪ ልቦለድ አሳተመ፤ በ1989 ደግሞ «የፍርሃት ጎዳና» ሊባል የሚችለውን «ፊር ስትሪት» የተሰኘ የወጣቶች ተከታታይ ልቦለድ ጀመረ። ባለቤቱ ከጓደኛዋ ጋር ያቋቋመችው የመጻሕፍት ዝግጅት ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ቢሞከር የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ስታይን መጀመሪያ ላይ አመንትቶ ነበር። ተስማሚ ርእስ ከተገኘ ይሁን አለ። ርእሱን ያገኘው፣ ራሱ እንደሚተርከው፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ማውጫ ሲያገላብጥ ነው። አንድ ጣቢያ ሳምንቱን ሙሉ አስፈሪ ፊልሞች እንደሚያሳይ ሲያስታውቅ የተጠቀመበት ቃል ዐይኑን ሳበው። እንዲህ ሆኖ በኋላ ወደ ቴሌቪዥን የተዛወረው ሥራ ስሙን ቀድሞውኑ ከቴሌቪዥን ተውሶ ተነሣ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ በጁላይ 1992 ወጣ። እስከ 1997 መጨረሻ የመጀመሪያው ተከታታይ 62 መጻሕፍት ደርሰዋል። ደራሲው በየወሩ አንድ የሕፃናት፣ አንድ ደግሞ የወጣቶች መጽሐፍ ያጠናቅቅ እንደነበር ሲታሰብ የፍጥነቱ መጠን ያስደንቃል። እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የተሸጠው ቅጂ ከ400 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይነገራል።

እንዲህ በጥድፊያ የሚጽፍ ሰው ግን ለራሱ ያበጃቸው ጥብቅ ሕጎች ነበሩት። በሕፃናቱ መጻሕፍት ውስጥ ልጅ አይሞትም፤ ደም አይፈስም፤ መድኃኒትና መጠጥ፣ የወላጆች ፍቺ አይገባም። አንባቢው ልጅ የሚያነበው ነገር በእውን ሊሆን የማይችል መሆኑን ማወቅ አለበት። በቀልድ ጸሐፊነቱ የተማረውም እዚህ ላይ ረድቶታል። ምክንያቱም ቀልድና ድንጋጤ የሚሠሩበት ስልት አንድ ነው፤ ሁለቱም ሰሚውን ወደ አንድ አቅጣጫ እየመሩ ድንገት በሌላ በኩል ይመጡበታል። የየምዕራፉ መጨረሻ አንድ እጅ ትከሻን ጨብጦ ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ እጁ የታናሽ ወንድም ሆኖ ይገኛል። ልጁ ይስቃል፤ እየሳቀ ሳለ ግን እውነተኛው ነገር ይመጣል።

ይህን ወደ ቴሌቪዥን የማዛወሩ ሥራ በካናዳ ተካሄደ። ወጪው ከአሜሪካ ዝቅ ስለሚል የዘጠናዎቹ ዓመታት ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች በካናዳ ይቀረጹ ነበር፤ «ጉዝበምፕስ»ም በቶሮንቶና በአካባቢዋ ተቀርጾ በአሜሪካ በፎክስ የሕፃናት ፕሮግራም፣ በካናዳ ደግሞ በዋይ ቲ ቪ ይተላለፍ ጀመር። ተዋናዮቹ ስም ያላወጡ የካናዳ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል በ1996 የወደፊቱን ክፉ ነገር የሚያሳይ ካሜራ ያገኘውን ልጅ የተጫወተው ራያን ጎስሊንግና በ1997 በሌላ ክፍል የታየው ሄይደን ክሪስቴንሰን ኋላ በዓለም ፊልም የታወቁ ተዋንያን ሆነዋል። ያን ጊዜ ግን ተመልካቹ የሚያየው እንደ ራሱ ያለ የመንደር ልጅ ነበር፤ ይህም ለድራማው ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ሆነለት።

መጽሐፍን ወደ ትዕይንት የሚለውጥ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር ለእነዚህም ሠራተኞች አልቀረላቸውም። ከመጻሕፍቱ በርካቶቹ በአንደኛ መደብ የተተረኩ ናቸው፤ አንባቢው የልጁን ሐሳብ ከውስጥ ይሰማል። ካሜራው ግን ልጁን ከውጭ ያየዋል። ከመቶ ገጽ በላይ የሆነውን ታሪክ ከማስታወቂያው ተርፎ ሃያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ማስገባትም ነበረባቸው። ነገር ግን መጻሕፍቱ ራሳቸው ሳያውቁት ለቴሌቪዥን የተሰናዱ ሆነው ተገኙ። በመጽሐፉ የምዕራፍ መዝጊያ የነበረው ድንጋጤ በድራማው የማስታወቂያ መግቢያ ላይ ዋለ፤ ልጁ ገጹን ለመግለጥ እንደሚቸኩል ሁሉ፣ ማስታወቂያው እስኪያልቅ ከመቀመጫው አይነሣም ነበር።

የመክፈቻው ትዕይንትም ራሱን የቻለ ትንሽ ድርሰት ነው። ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው ቦርሳ ይዞ በከተማዋ አፋፍ ላይ ይጓዛል፤ በቦርሳው ላይ የደራሲው ስም ተጽፏል። ቦርሳው ይከፈትና ወረቀቶቹ በነፋስ ይበተናሉ። ከወረቀቱ የወጣ አንድ ፊደል ጥላ ሆኖ በከተማዋ ላይ ያልፋል። ጥላው በደረሰበት ሁሉ የታወቀው ነገር ይለወጣል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፈገግ ያለችው ሴት ፊቷን ታጠቁራለች፣ በደጅ የተኛው ውሻ ዐይኖቹ ያበራሉ። ጭራቅ ከሩቅ አገር አልመጣም፤ የገዛ ሠፈር ብቻ ነው መልኩን የለወጠው።

የድራማው ዋና ምሥጢር ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ታሪኮቹ በቅርብ ሲመረመሩ ከጭራቁ በታች ሌላ፣ እጅግ የተለመደ ፍርሃት ይገኛል። «ወደ ምድር ቤቱ አትውረዱ» በሚለው ታሪክ አባትየው የዕፀዋት ሊቅ ነው፤ ከሥራው ተባሯል። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ተዘግቶ ይውላል፤ ከልጆቹ ጋር አይነጋገርም፤ ጠባዩ ተለውጧል። በታሪኩ ውስጥ ምክንያቱ የአባትየውን መልክ የያዘ ተክል መሆኑ ይገለጻል፤ በራሱ ላይ ከባርኔጣው ሥር ቅጠል ይበቅላል። ነገር ግን አባቱ ሥራ አጥቶ ቤት የዋለበት ልጅ ታሪኩን ለመረዳት ተክሉ አያስፈልገውም። በቤት ውስጥ የሚኖር፣ አባቱን የሚመስል፣ ሆኖም አባቱ ያልሆነ ሰው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። በሌሎቹም ክፍሎች እንዲሁ ነው። ወደማያውቁት ከተማ የሚዛወር ቤተሰብ፣ ታላቁን የምታስቀጣ ታናሽ እኅት፣ ከወላጅ ተለይቶ የሚታደርበት የዕረፍት ጊዜ ሠፈር፤ እነዚህ ሁሉ የእውነተኛ ልጅነት ጭንቀቶች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚመላለሰው ፍርሃት አለመታመን ነው። ካሜራውን ያገኘው ልጅ የአባቱ አዲስ መኪና ተጨፍልቃ የምትታይበትን ፎቶግራፍ በእጁ ይዟል፤ አባቱን ሊያስጠነቅቅ ይሞክራል፤ የሚሰማው ግን የለም። ልጁ እውነቱን ይናገራል፣ ዐዋቂው ፈገግ ብሎ ፀጉሩን ይዳብሰዋል። በየሳምንቱ ከቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጡት ልጆች ጭራቅ አይተው አያውቁ ይሆናል፤ እውነት ተናግረው ያልታመኑበት ቀን ግን እያንዳንዳቸው ነበራቸው። ድራማው ለእነርሱ የሰጣቸው ትልቁ ነገር፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ትክክለኛው ልጁ እንደሆነ የሚመሰክር ታሪክ ነው።

በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ምሽት ታሪክ ከሁሉም ይልቃል። መነሻው ከደራሲው ቤት የተገኘ ነው። ትንሽ ልጁ የፍራንከንስታይን ጭምብል አጥልቆ ማውለቅ ሲያቅተው አባትየው ከመርዳቱ አስቀድሞ ለታሪክ የሚሆን ነገር ማሰቡን በኋላ በቀልድ አውርቷል። ከዚህች ጨዋታ የተወለደችው ካርሊ ቤት ናት። ካርሊ ቤት ቶሎ የምትደነግጥ በመሆኗ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ይቀልዱባታል፤ በምግቧ ውስጥ ትል እስከ መክተት ደርሰዋል። ልጆች መልካቸውን ለውጠው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጣፋጭ በሚለምኑበት የሃሎዊን ዕለት እናቷ በእጇ የሠራችላትን የዳክዬ ልብስ አልለብስም ትላለች። ማስፈራት ትፈልጋለች። ባለ ሱቁ አይሸጥም ያላትን ጭምብል ወስዳ ታጠልቃለች፤ የቀለዱባትን ልጆች ታስፈራራለች፤ ድምፅዋ ይጎረንናል፤ ክፋቱም ይጥማታል። ልታወልቀው ስትል አልወልቅ ይላታል።

ወደ ሱቁ ስትመለስ ባለ ሱቁ እውነቱን ይነግራታል። እነዚያ ፊቶች ሕይወት ያላቸው ናቸው፤ አስቀያሚ ሆነው በመገኘታቸው ማንም ያልወደዳቸው ፊቶች ናቸው። ጭምብሉን ሊያወልቅ የሚችለው አንድ የፍቅር ምልክት ብቻ ነው። ልጅቱ የፍቅር ምልክት ከየት ታመጣለች? እናቷ በጄሶ የልጅቱን ራስ ቀርጻ ነበር፤ ልጅቱም ያንን ራስ ለማስፈራሪያ በእንጨት ላይ ሰክታ ስትዞርበት አምሽታ ጥላው ነበር። እርሱን ፈልጋ አግኝታ ትድናለች።

ታሪኩ ቀላል ይመስላል፤ ለሕፃናት የተነገረ ነውና ቀላል መሆን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከቴአትር ጥንታዊ ቁም ነገሮች አንዱን ይነካል። ተዋናይ ጭምብል ያጠልቃል፣ ትዕይንቱ ሲያበቃ ያወልቃል፤ የጥበቡ ውል ይኸው ነው። ውሉ ሲፈርስ፣ ለብቀላ የተለበሰ ክፋት ገላ ሆኖ ሲቀር ምን ይደረጋል? ድራማው የሰጠው መልስ፣ ልጅቱን የሚያድናት ጉልበቷ ወይም ብልሃቷ አለመሆኑን፣ ነገር ግን እርሷ ጭምብል ከማጥለቋ በፊት እውነተኛ ፊቷን በፍቅር ዐይን አይቶ የቀረጸ ሰው መኖሩን ነው። ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በስብከት ማስረዳት አይቻልም። በጎማ ጭምብልና በጄሶ ግን ተቻለ።

ሆኖም ሥራው ከነቀፋ አላመለጠም። በዘጠናዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባጠናቀረው፣ ከቤተ መጻሕፍት ይወገዱ የሚል አቤቱታ በበዛባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ «ጉዝበምፕስ» ከፊተኞቹ አንዱ ነበር። በ1997 በሚኒሶታ ግዛት በአኖካ ሔነፒን የትምህርት ወረዳ ጉዳዩ በይፋ ታይቶ መጻሕፍቱ ባሉበት እንዲቆዩ ተወስኗል። የከሳሾቹን ሐሳብ በንቀት ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ልጁ ሌሊት እየቃዠ የሚነሣበት ወላጅ ስለ ኪነ ጥበብ ነጻነት የሚሰጠው ንግግር አያጽናናውም። ደግሞም ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ የሚስቅበት ሌላውን ያስለቅሳል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የምድጃ ዳር ተረት ማስታወስ ጉዳዩን ያብራራል። አያ ጅቦን ሰምቶ ያልፈራ ልጅ የለም። ነገር ግን ተራኪዋ አያት ልጁን ከጎኗ አስቀምጣ የፊቱን ሁኔታ እያየች ነው የምትተርከው፤ ፍርሃቱ ከበዛ ድምፅዋን ታለዝባለች፣ ጅቡን ታሞኘዋለች፣ በመጨረሻም ተረቷን መልሱልኝ ብላ በሩን ትዘጋለች። ቴሌቪዥን የሚያየውን ልጅ አያይም። «ጉዝበምፕስ» ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ መተውን ልማዱ አደረገ። ካርሊ ቤት ከዳነች በኋላ ታናሽ ወንድሟ ያንኑ ጭምብል አጥልቆ ይታያል፤ ታሪኩም በዚያ ያበቃል። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከፍርሃቱ ይልቅ ልጁ ብቻውን ከፍርሃቱ ጋር መቀመጡ ላይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አጠገቡ ሰው የነበረው ልጅ ከድራማው ያተረፈው ይበልጣል።

ሁለተኛው ነቀፋ ከንግድ ጋር የተያያዘ ነው፤ እርሱም መሠረት አለው። መጽሐፉ ድራማውን፣ ድራማው ካሴቱን፣ ካሴቱ ደግሞ መጽሐፉን ይሸጥ ነበር። ስሙ በልብስና በመጫወቻ ላይ ታተመ። በየወሩ የሚወጣ ታሪክ እርስ በርሱ መመሳሰሉም አልቀረም። በፌብሩዋሪ 1997 ያልተሸጡ መጻሕፍት ወደ አሳታሚው መመለሳቸው ሲሰማ የድርጅቱ የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ድራማው አበቃ። ገበያ ያነሣውን ገበያ ጣለው።

ስሙ ግን አልጠፋም። በ2015 ተዋናዩ ጃክ ብላክ ደራሲውን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም ወጣ፤ በ2018 ተከታዩ፣ በ2023 ደግሞ አዲስ ተከታታይ ድራማ ቀረበ። እነዚህ ከአሮጌው ይልቅ የተዋቡ ናቸው፤ ጭራቆቻቸው በኮምፒዩተር የተሠሩ በመሆናቸው ስፌት አይታይባቸውም። የቀድሞዎቹ ተመልካቾች ግን ዛሬም ወደ አሮጌዎቹ ክፍሎች ይመለሳሉ። ሲመለሱም መጀመሪያ የሚያደርጉት መሳቅ ነው። ያስለቀሳቸው ጭራቅ ጎማ ነበር፤ የልጆቹ ትወና አንዳንዴ ይደነቃቀፋል፤ ጨለማው ሰማያዊ መብራት ነው።

ሳቁ ካበቃ በኋላ ግን ሌላ ነገር ያስተውላሉ። በልጅነታቸው ያዩት ልጁን ነበር፤ አሁን የሚያዩት ወላጆቹን ነው። ሥራ አጥቶ ምድር ቤት የተቀመጠውን አባት፣ በሥራ ተወጥራ የልጇን ቃል በግማሽ ጆሮ የምትሰማውን እናት፣ ልጇ አልለብስም ያለችውን የዳክዬ ልብስ በእጇ ይዛ የቆመችውን ሴት ያያሉ። ምናልባትም ያኔ ከጎናቸው ባለው ሶፋ ላይ የገዛ ልጃቸው ተቀምጧል፤ ፊቱን በትራስ ሸፍኖ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይመለከታል። «እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ከመሳቅ በፊት ጥቂት ሊሰሙት ይገባል። ከ74ቱ ክፍሎች የቀረላቸው ትምህርት ይህ ከሆነ፣ ያ የጎማ ጭምብል የተሠራበት ገንዘብ በከንቱ አልወጣም።